ብርሃን ማባከን የማይወደው ሰው

በክፍላችን ውስጥ ባሕር አይተን የምናውቅ ልጆች በጣም ጥቂት ነን፤ ኧረ እኔ ራሴም አላየሁም። ላይትሀውስ የሚባለውን፣ ለመርከብ አቅጣጫ የሚያሳየውን የባሕር ዳር የመብራት ማማ ግን በፎቶ ያላየ የለም። ፖስትካርድ ላይ አለ፣ ቀን መቁጠሪያ ላይ አለ። ሰማዩ ሊጨልም ሲል፣ ማማው ጥላ ብቻ ሆኖ ከአናቱ ነጭ ጨረር ይወረወራል። ባለፈው ሴሚስተር በትንሽ ብርሃን ፎቶ አንስታችሁ አምጡ ተብለን የኔው ሥራ ጭጋግ መስሎ ሲወጣ አንድ ጥያቄ መጣብኝ። የኔ ካሜራ አጠገቡ ያለውን አምፖል በቅጡ መያዝ ካቃተው፣ የማማው አንድ መብራት ያን ሁሉ ርቀት እንዴት ይታያል? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ሰው ኦጉስተን ፍሬኔል ይባላል።

ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1788 በፈረንሳይ ኖርማንዲ ከአርክቴክት አባት ተወለደ። ስለ ሊቃውንት ስናነብ በሦስት ዓመቱ አነበበ፣ በአምስት ዓመቱ አሰላ መባሉን ለምደናል። ይሄ ግን ስምንት ዓመት ሞልቶትም ማንበብ ገና ይቸግረው ነበር። ጤናውም ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነበር። ሆኖም በ16 ዓመቱ ፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ገባ፤ ከዚያም የመንግሥት የመንገድ መሐንዲስ ሆኖ ክፍለ ሀገር ተመደበ። የቀን ሥራው መንገድ ነበር፤ ልቡ ግን ብርሃን ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1815 ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ሲመለስ ፍሬኔል ተቃወመው። በዚህም ከሥራው ተባረረ፣ ፖሊስም ይከታተለው ጀመር። ሥራ ፈትቶ እናቱ ወደምትኖርበት ካን ከተማ አጠገብ ወዳለ መንደር ሄደ። እንግዲህ የሳይንስ ሕይወቱ እውነተኛ መጀመሪያ ይህ ነው ባይ ነኝ። ላቦራቶሪ የለውም። የፀሐይን ጨረር ወደ አንዲት ነጥብ ለመሰብሰብ የማር ጠብታ እንደ ሌንስ ተጠቀመ፤ መሣሪያውንም የመንደሩ ቁልፍ ሠሪ ሠራለት። በቀጭን ሽቦ ጥላ ዳርና ውስጥ ብርሃንና ጨለማ እየተፈራረቁ የሚታዩትን መስመሮች ለካ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሊቅ የኒውተንን መንገድ ተከትሎ ብርሃን ቅንጣት ነው ይል ነበር። ፍሬኔል ሞገድ ነው አለ።

ሐሳቡን ለፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ውድድር ሲያቀርብ ከዳኞቹ አንዱ የሆነው ፗሶን ሊጥለው ሞከረ። የፍሬኔል ስሌት ልክ ከሆነ፣ አለ፣ የአንድ ክብ ነገር ጥላ መሐል ላይ ብሩህ ነጥብ መታየት አለበት፤ ይህ ደግሞ የማይመስል ነገር ነው። ሌላው ዳኛ አራጎ ግን ዝም ብሎ ሞከረው። ነጥቡ አለ! ሽልማቱም እ.ኤ.አ. በ1819 ለፍሬኔል ሆነ።

በዚያው ዓመት በአራጎ አማካይነት ወደ መብራት ማማዎች ኮሚሽን ተሳበ። ያኔ ማማዎቹ ከመብራቱ ጀርባ የብረት መስታወት ነበራቸው፤ መስታወቱ ከሚደርሰው ብርሃን ብዙውን ራሱ ይውጠዋል። የሚሞተው መርከበኛ ነው። ሌሎች ስለ ትልቅ እሳት ሲያስቡ ፍሬኔል ያሰበው ስለሚባክነው ብርሃን ነው። ሌንስ ይሻላል፤ ነገር ግን ያን ያህል ትልቅ ሌንስ ወፍራምና ከባድ ይሆናል፣ ውፍረቱም ብርሃን ይበላል። ብርሃንን የሚያጥፈው ግን የመስታወቱ ገጽ እንጂ ሆዱ አይደለም። ስለዚህ ሆዱን አውጥቶ ገጹን በቀለበት በቀለበት አስቀመጠው። ቀደም ሲል ቡፎን የሚባል ፈረንሳዊ ተመሳሳይ ነገር አስቦ ኖሯል፤ የሱ ዓላማ ግን በፀሐይ ነገር ማቃጠል ነበር።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 20 ቀን 1822 ገና ተሠርቶ ባላለቀው የፓሪስ አርክ ደ ትሪዮምፍ ላይ ሌንሱ ተሞከረ። ንጉሥ ሉዊ 18ኛ ከ32 ኪሎ ሜትር ርቀት ተመለከቱት። በዓመቱ ጁላይ 25 ቀን በዢሮንድ ወንዝ አፍ ላይ በቆመው የኮርዱዋን ማማ በራ። ስምንት ገጽ ያለው ሌንስ ሲዞር ስምንት ጨረር አብሮት ይዞራል፤ መርከበኛው ጨረሩ በዞረበት ቁጥር ብልጭ ሲል ያያል።

ይህን ማወቅ ለፎቶ አንሺም ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ማማ ፊት ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አስቀምጠን ሸተሩን ብዙ ሰከንድ ከከፈትን ጨረሮቹ ተደራርበው ጭጋግ ይሆናሉ፤ ካሳጠርነው እያንዳንዱ ለብቻው ተለይቶ ይወጣል፣ ሰማዩ ግን ይጠቁራል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ ፀሐይ ከገባች በኋላ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ የሚያነሱት። የኔ ጥፋት ድቅድቅ ጨለማ እስኪሆን መጠበቄ ነበር። እሱም ይቅር፤ ስቱዲዮ ውስጥ ፊቱ ላይ ቀለበት ቀለበት ያለውን መብራት ያየ የፍሬኔልን ሥራ አይቷል።

ኮርዱዋን ከበራ ብዙም ሳይቆይ ፍሬኔል ደም መትፋት ጀመረ። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ጥናቱን እየቀነሰ የቀረውን ጉልበቱን ለማማዎቹ ሰጠ። ይህን ምርጫውን ሳስብ ለሳይንስ ቆጨኝ፤ መርከብ ላይ ያለውን ሰው ሳስብ ደግሞ ዝም አልኩ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የሸለመውን የራምፈርድ ሜዳልያ አራጎ ያደረሰው ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 1827 በ39 ዓመቱ አረፈ። የማማዎቹን ሥራ ወንድሙ ሌኦኖር ቀጠለበት። በዚያው ሰሞን፣ በ1826 ወይም በ1827፣ ሌላው ፈረንሳዊ ኒየፕስ እስከ ዛሬ የቆየውን የመጀመሪያውን የካሜራ ፎቶ ከቤቱ መስኮት አነሳ። ፍሬኔል ያበራውን ማማ በፎቶ ሳያይ ሄደ።