ተሰማ እሸቴ፤ እንደ ስማቸው የተሰሙ ሰው

በየዓመቱ ለዚህ መጽሔት አንድ ነገር እንድንጽፍ እንጠየቃለን፤ እኛም ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የፈጀን ስለ ሆንን፣ ከፋይል ቁጥር ሌላ የምናውቀው የለም እያልን ስንሸሽ ቆይተናል። ዘንድሮ ግን ስለ አንድ ስመ ጥር ሰው የምናውቀውን ለመጻፍ ተነሣን። ሰውየው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ለምን እሳቸውን እንደ መረጥን በመጨረሻው ላይ እንናገራለን።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በምንጃር ተወለዱ። ማሲንቆ ይመታሉ፣ ያዜማሉ፣ ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም ይገጥማሉ። በዚያ ዘመን አዝማሪ ማለት እንግዲህ በግብር ላይ የሚፈለግ፣ ግብሩ ሲነሣ ግን የሚናቅ ሰው ነበር። ሲጠግብ አመስጋኝ፣ ሲከፋው ሰዳቢ ነው እየተባለ ይታማል። ልጁን ለአዝማሪ የሚድር ጨዋ ነኝ ባይ ብዙ አልነበረም። ዳሩ ግን የተሰማ ጨዋታና የግጥም ችሎታ ከመኳንንቱ አደባባይ አደረሳቸው፤ በኋላም ነጋድራስ እስከ መባል ደረሱ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ፣ የቀረጥ ሹም ማለት ነው።

በ1900 ዓ.ም. ግድም አዲስ አበባ አውቶሞቢል አየች። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ አንዱን፣ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ ሌላውን ይዘው መጥተው ለዳግማዊ ምኒልክ አቀረቡ። መኪናውስ መጣ፤ ነጂውና ጠጋኙ ከየት ይምጣ? ስለዚህ ተሰማ የመኪና ነገር ተምረው እንዲመለሱ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። በዚያ ጊዜ የባቡሩ ሐዲድ ገና ከድሬዳዋ አላለፈም ነበር። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ብዙ ቀን በበቅሎ ተጉዞ ነው ባቡር የሚያገኘው፤ ከዚያም ጅቡቲ ወርዶ መርከብ ይሳፈራል። ዛሬ ከወልቂጤ አዲስ አበባ ለመድረስ አውቶቡስ ዘገየብን ብለን የምናጉረመርም ሰዎች ይህን ብናስብ መልካም ነው።

እንግዲህ ለመኪና የሄዱት ሰውዬ በበርሊን ከተማ ሌላ ሥራ ሠሩ። በ1900 እና በ1902 ዓ.ም. መካከል ማሲንቷቸውን እየመቱ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የተቀረጹትም ሸክላዎች ከአሥር ይበልጣሉ። በሸክላ ታትሞ የወጣ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዘፈን ይኸው የተሰማ እሸቴ ሥራ ነው።

አቀራረጹ እንዴት እንደ ነበረ ለወጣቶች ጥቂት እናስረዳ። በዚያን ጊዜ ለሸክላ ሥራ ማይክሮፎን አልነበረም፤ እሱ የመጣው ከ15 ዓመት ያህል በኋላ ነው። የነበረው እንደ ዕድራችን ጡሩንባ አፉ የሰፋ ቀንድ ነው። የእኛ ጡሩንባ ድምፅ ያወጣል፤ ያኛው ግን ድምፅ ይሰበስባል። ዘፋኙ ወደ ቀንዱ ተጠግቶ ሲያዜም በጫፉ ያለው መርፌ ይንቀጠቀጥና በሚዞር ሰም ላይ ይጭራል። ከሰሙ የብረት ማተሚያ ይወጣል፤ በብረቱም ሸክላው ይታተማል። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ አንዱ ገጽ የሚይዘው ግን ሦስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲገጥም ማደር የለመደ አዝማሪ በሦስት ደቂቃ ጨርስ ሲባል ምን ያህል እንደሚጨንቀው ገምቱት። ቢሳሳት ደግሞ ቆርጦ መቀጠል የለም፤ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ነጋድራስ ተሰማ ወደ አገራቸው ተመልሰው በልጅ ኢያሱ ዘመን ከቅርብ ሰዎች አንዱ ሆኑ። ነገር ግን የሹመት ነገር እንደ ዝናብ ነው፤ ልጅ ኢያሱ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ የተሰማም ሞገስ አብሮ ወረደ። በ1914 ዓ.ም. መባቻ ልጃቸው ይድነቃቸው በጅማ ተወለደ። ጅማ እንግዲህ የእኛው የወልቂጤ መንገድ የሚያደርስበት አገር ነው። ይህ ልጅ አድጎ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ተብሎ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያስገኘው ቡድናችን አሠልጣኝ፣ ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ በ1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት ሆነ። በኳሱ ሁሉም ያውቀዋል። የአባቱን ግጥሞች አሰባስቦ ሰምና ወርቅ ለተባለው መጽሐፍ ማብቃቱን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1957 ዓ.ም. አረፉ። ግጥማቸውን ልጃቸው ያዘላቸው፤ ድምፃቸውስ? ሸክላ ቢወድቅ እንደ ስሙ ነው፣ ይሰበራል። ያልተሰበረውንም መርፌው እየፋቀ ይጨርሰዋል። ደግነቱ እዚህም እዚያም የተረፈ ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ ሥራ የቆዩ ዘፈኖቻችንን እያሰባሰበ በሲዲ ሲያሳትም ቆይቷል። አሳታሚው ቡዳ ሙዚክ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ ስሙ ቢያስደነግጥም የበላው የለም፣ ያተረፈው ነው እንጂ። የእኛው ወገን የማሕሙድ አሕመድ፣ የጥላሁን ገሠሠም ዘፈኖች በዚሁ ወጥተዋል። 27ኛው የነጋድራስ ተሰማ ነው፤ ከቀረጻው መቶ ዓመት ሲሆነው በሁለት ሲዲ ታትሞ ወጣ።

እንዲህ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ከተገኙት ሸክላዎች ደኅናው ይመረጣል፤ ይታጠባል፤ ለጭረቱ የሚስማማ መርፌ ይፈለግለታል። ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ጎልማሳው እንደ ሕፃን ወይም እንደ ሽማግሌ ይሰማል። ከዚያ ጩኸቱና ስንጥቅጥቁ በመሣሪያ ይቀነሳል። በጣም ካጠሩት ግን የሰውየውም ድምፅ አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥቂት ጩኸት መተው ግድ ነው።

ይህን ድምፅ ያሰማን የእህታችን ልጅ ነው። ባለፈው መስቀል ከአዲስ አበባ መጥቶ እቤታችን በሞባይሉ ከፈተው። መጀመሪያ ቆሎ የሚቆላ መሰለን። ቀጥሎ ከዚያ ጩኸት ውስጥ ማሲንቆው፣ ከማሲንቆውም ኋላ ሰውየው መጡ። አያቶቻችን ሳይወለዱ የተዘፈነ ሊሆን ይችላል ብለን ዝም ብለን አዳመጥን፤ ከዚያ ግን ዕንባችን መጣ። ልጁ ግራ ገባው።

ምክንያቱ ይህ ነው። በ1970ዎቹ በአንድ የመስቀል በዓል ወንድማችን ከመርካቶ ቴፕ ይዞ መጥቶ እናታችን በጉራጊኛ ሲመርቁ ቀድቶ ነበር። ካሴቱን ለእኛ ሰጠን። ከዓመታት በኋላ ከራዲዮ የኳስ ጨዋታ ለመቅዳት ባዶ ካሴት ስናጣ በዚያው በእናታችን ላይ ቀዳንበት። ጨዋታው የማን ከማን እንደ ነበረ ዛሬ አናስታውሰውም። እናታችን ሲያርፉ ዕድራችን ድንኳን ተከለ፣ ቀበረ፣ ስማቸውንም በመዝገብ አሰፈረ። የሰው ሁሉ ወረቀት ጠብቀን የእናታችንን ድምፅ ያጠፋን ግን እኛው ነን። የሚያጠራው ባለሙያም የለም፤ የተጫረ ይጠራል፣ የተደመሰሰ ግን አይመለስም።

ስለዚህ አባላት ሆይ፣ ልመናችን አንድ ነው። ቤታችሁ ውስጥ በሣጥን ሥር ያለ ሸክላም ሆነ ካሴት አትጣሉ፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ሳይሰማ በላዩ ላይ አትቅዱበት። ልጆቻችሁ ወደ ሞባይላቸው ይገልብጡት። ሽማግሌዎቻችንም በሕይወት ሳሉ ሲመርቁ፣ ሲያወጉ ይቀዱ። ለዕድሩም አንድ ቅጂ ቢቀመጥ መዝገቡን በነፃ ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን፤ ይህን ሥራ እንኳ እናውቅበታለን።

ለነጋድራስ ተሰማና ለተለዩን ሁሉ ነፍስ ይማር። ለከርሞ በሰላም ያድርሰን።