ሉርድን ለዓለም ያስተዋወቀች የድኻ ልጅ

ምእመናን ጾመ ፍልሰታን ፈጽመው የእመቤታችንን በዓል በሚያከብሩበት በዚህ ሰሞን፣ በስሟ የሚደረግ መንፈሳዊ ጉዞ ስላስከበራት ስለ አንዲት የሩቅ አገር ከተማና ስለ ልጇ ሕይወት ጥቂት እንበል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉርድ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ የምትገኝ፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አራት ሺህ ያህል ሕዝብ ብቻ የነበረባት ከተማ ነበረች። በርናዴት ሱቢሩ በዚያ በ1844 ተወለደች። አባቷ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ኋላ ግን ከሰረና ወፍጮው ከእጁ ወጣ። ቤተሰቡም ቀድሞ እስር ቤት በነበረ አንድ ጠባብ ክፍል ተጠለለ። በ1855 የገባው ኮሌራ ሕፃኒቱን ባይገድላትም ጤናዋን ጎድቶት አለፈ፤ አስምም ዕድሜዋን ሙሉ አሠቃያት። ማንበብና መጻፍ አልተማረችም ነበር።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1858፣ በ14 ዓመቷ፣ ከእኅቷና ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ማሳቢየል ከተባለው ዋሻ አጠገብ ማገዶ ልትለቅም ወረደች። በዚያም ነጭ የለበሰች እመቤት እንደ ተገለጠችላት ተናገረች። ራእዩ እስከ ጁላይ 16 ድረስ 18 ጊዜ እንደ ታያት ይነገራል። ፌብሩዋሪ 25 ቀን በታዘዘችው መሠረት አፈር ጭራ ጭቃማውን ውኃ ስትጠጣ ሕዝቡ አበደች አለ፤ ከዚያ የፈለቀው ምንጭ ግን ጠርቶ እስከ ዛሬ ይፈስሳል።

የፖሊስ ሹም መረመራት፣ ዐቃቤ ሕግ አስፈራራት፤ ቃሏን ግን አልለወጠችም። የደብሩ ካህን የእመቤቲቱን ስም ጠይቂ ባሏት ጊዜ ያመጣችው መልስ፣ የሮማው ፓፓ ፒዮስ 9ኛ በ1854 ያወጁት የካቶሊካውያን ትምህርት ነበር፤ ልጅቷ ግን የቃሉን ትርጉም እንኳ አታውቀውም ነበር። የታርብ ጳጳስም ረጅም ምርመራ ካስደረጉ በኋላ በ1862 ምስክርነቷን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲያ የሚጎርፈው ሕዝብ ገንዘብ ሲሰጣት በርናዴት አልቀበልም ትል ነበር፤ ወላጆቿ ግን በችግር ላይ ነበሩ። በ1866 የባቡር ሐዲድ ሉርድ ደረሰ፤ ተሳላሚውም በዛ። እርሷ ግን በዚያው ዓመት ከተማዋን ትታ በኔቬር ገዳም መነኰሰች። በዚያ ሕሙማንን በማስታመምና ንዋያተ ቅድሳትን በመጠበቅ አገለገለች። በዋሻው ላይ የታነፀው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በ1876 ሲባረክ እንኳ አልተገኘችም። በብዙ ሕመም ተፈትና አፕሪል 16 ቀን 1879 በ35 ዓመቷ ዐረፈች፤ የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንም በ1933 ቅድስት ብላ ሰየመቻት።

ዛሬ ሉርድ በየዓመቱ ሚሊዮኖች ይሳለሟታል፤ በሆቴልና በንግድም በልጽጋለች። ስሟን ያስጠራችው ልጅ ግን ከዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልወሰደችም። በጠበላችንና በገዳሞቻችን ደጅ የምንጠና እኛም፣ በረከትን የሚሹ ብዙዎች ሲሆኑ ሳይጠቀሙበት የሚያገለግሉት ግን ጥቂቶች መሆናቸውን እናስተውል።

በዓሉን የሰላምና የበረከት ያድርግልን።