ብፁዕ ኒኮላስ ስቴኖ፦ ድንጋይን የመረመሩ ጳጳስ

በማርስ ላይ ሕይወት ተገኘ የሚለው ወሬ በየጊዜው ይነሣል፤ ወጣቶችም የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ስለዚሁ ይጠይቃሉ። ለዚህ ጥያቄ መልካም መነሻ የሚሆነንን የአንድ አባት ሕይወት በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኒኮላስ ስቴኖ በ1638 በዴንማርክ፣ በኮፐንሃገን ከተማ፣ ከሉተራን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ወርቅ አንጥረኛ ነበሩ። ስቴኖ ሕክምና አጥንተው በ1660 ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ ወደ አፍ ምራቅ የሚያደርሰውን ቱቦ አገኙ፤ ቱቦውም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ልብ ጡንቻ መሆኑንም አስረድተዋል።

በ1666 በፍሎረንስ፣ በቶስካናው ታላቅ መስፍን በዳግማዊ ፈርዲናንዶ ዘንድ ሳሉ፣ በሊቮርኖ አቅራቢያ የተያዘ የትልቅ ሻርክ ራስ እንዲመረምሩ ተሰጣቸው። ጥርሶቹ በማልታ ደሴት ከዐለት ውስጥ የሚወጡትንና የምላስ ድንጋይ የሚባሉትን ይመስሉ ነበር። ስለ እነዚህ ድንጋዮች አንዳንዱ ከሰማይ ወረዱ፣ ሌላው በዐለቱ ውስጥ በቀሉ ይል ነበር። ስቴኖ ግን በመልክ መመሳሰል ብቻ አልፈረዱም። በጠንካራ ዐለት ውስጥ የሚያድግ ነገር ዐለቱን ይሰነጥቃል፣ ወይም ራሱ ይጣመማል፤ ጥርሶቹ ግን ቅርጻቸው አልተበላሸም። ስለዚህ ለስላሳ በነበረ ደለል ውስጥ ተቀብረው ኋላ ደለሉ እንደ ጠነከረ ደመደሙ።

በ1669 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በንብርብር ዐለት ታችኛው ከላይኛው በዕድሜ እንደሚቀድም አስተማሩ። የኳርትዝ ክሪስታሎችም መጠናቸው ቢለያይ በገጾቻቸው መካከል ያለው ማዕዘን እንደማይለወጥ አመለከቱ። የከሚሴ ሰው ቦርከና በጨፋ ሜዳ የቆረጠውን ዳርቻ ቢመለከት የንብርብሩን ሕግ በዓይኑ ያየዋል፤ የታችኛው ደለል አስቀድሞ የተጣለው ነውና። የቦርከና ውኃ በሚገባበት በአዋሽ አጠገብ፣ በሐዳር፣ በ1974 የተገኘችው የድንቅነሽ ዕድሜም የታወቀው በንብርብሮቹ መካከል ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ አማካይነት ነው።

ስለ ሻርኩ የጻፉት በታተመበት በዚያው በ1667 ስቴኖ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በ1675 ቅስና፣ በ1677 ጵጵስና ተቀብለው በሰሜን አውሮፓ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆኑ። የጵጵስና ቀለበታቸውንና መስቀላቸውን ሸጠው ድኾችን ረዱ። በ1686 በሽቬሪን ከተማ በ48 ዓመታቸው ዐረፉ፤ ዐፅማቸውም በፍሎረንስ በቅዱስ ሎሬንዞ ቤተ ክርስቲያን አርፏል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1988 ብፅዕናቸውን አወጁ።

ስቴኖ ያነሡት ጥያቄ ዛሬም ሕያው ነው። በ1984 በአንታርክቲካ በረዶ ላይ 1.9 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን፣ ከማርስ የመጣ ድንጋይ ተገኘ። በ1996 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በውስጡ የካርቦኔት እንክብሎችን፣ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ማዕድንና ትል መሳይ ጥቃቅን ቅርጾችን አይተው የጥንት ሕይወት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ አሉ። ኋላ ግን እነዚህ ሁሉ ያለ ሕይወትም ሊፈጠሩ እንደሚችሉ ታየ። በ2022 የወጣ ጥናትም በድንጋዩ ያለው የካርቦን ውሁድ ውኃና ዐለት ሲገናኙ የተፈጠረ መሆኑን አስረዳ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ዛሬ የሕይወት ማስረጃ አድርገው አይቀበሉትም።

በአገራችንም ተመሳሳይ ክርክር ተነሥቷል። ከከሚሴ በስተ ምሥራቅ የሚጀምረው የአፋር ቆላ ወደ ሰሜን ዘልቆ በሚደርስበት በዳሎል፣ በ2019 አንድ ቡድን እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ ሲል፣ ሌላው በአሲዳማዎቹ ኩሬዎች ውስጥ ሕይወት እንደሌለና የሲሊካ ማዕድን ሕያው ሕዋስ መስሎ እንደሚታይ ገለጸ።

እንግዲህ ስለ ማርስ ስንጠየቅ ያልተረጋገጠውን ተረጋገጠ አንበል፤ የተረጋገጠውንም አንፍራ። ብፁዕ ስቴኖ ድንጋዩ እንዴት እንደ ተሠራ እስኪያውቁ ድረስ ታግሠው መረመሩ፤ ያገኙትንም እውነት ሳይሸሽጉ ተናገሩ። ልጆቻችንን በዚህ ትዕግሥትና በዚህ ታማኝነት እንድናሳድግ ይርዱን።