አስታማሚዋ ልዕልት
የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

ወደ ግሽ አባይ የሚወጣ መንገደኛ በዚያ ሁለት ዓይነት ሰው ያገኛል። አንደኛው የታላቁን ወንዝ መነሻ በዓይኑ ለማየት የሚመጣ ነው፤ የእኛው ካህን አባ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ተጉዘው በዚያች ትንሽ ምንጭ አጠገብ እንደቆሙ ሁሉ። ሁለተኛውና ብዙው ግን ሕመምተኛ ነው፤ ጸበሉን ሊጠጣና ሊጠመቅ ከሩቅ አገር ተጉዞ የሚመጣ።

ይህ ሕመምተኛ ብቻውን አይመጣም። ከአጠገቡ እናት፣ እኅት፣ ልጅ ወይም ሚስት አለች። ስንቁን የምትሸከም፣ ሌሊት የምትነሣለት፣ ልብሱን የምታጥብለት፣ ሲያቃስት አብራው የምታቃስት እርሷ ናት። ሕዝባችን ይህችን ሴት አስታማሚ ይላታል። ነርስ የሚለው የውጭ ቃል ሳይለመድ በፊት አስታማሚ የሚለው ስም ለዘመድም ለባለሙያም ያገለግል ነበር፤ እኛም ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ይኸው የስም መጋራት ነው። ዘመድን ማስታመም የደም ግዴታ ነው። የማያውቁትን ሰው ማስታመም ግን ከየት ይመነጫል? ከጎጃም ገጠር ወጥተው በባሕር ዳር የነርስነት ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶችን ስናነጋግር አንዳንዶቹ ቤታቸው ታሞ የሞተ ወንድም ወይም በወሊድ ያጡትን እናት ያነሣሉ፤ አንዳንዶቹም ሥራ እናገኝበታለን ብለው እንደገቡ ሳይደብቁ ይናገራሉ። ሁለቱንም አንነቅፍም። ነገር ግን ኑሮ ያላስገደዳት አንዲት ኢትዮጵያዊት ወጣት ይህን ሥራ ለምን እንደመረጠች ብናስታውስ ለእነርሱም ለእኛም ይጠቅማል ብለን አስበናል። እኒህ ሴት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ ካቶሊካዊት አልነበሩም፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው፣ በእርሷ እምነት ኖረው ሞተዋል። በዚህ መጽሔት ታሪካቸውን መጻፋችን የሚያስገርመው አንባቢ ካለ፣ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ታመሙት የተናገረውን መለስ ብሎ እንዲያነብ እንጋብዘዋለን። በዚያ ፍርድ ላይ የሚጠየቀው የታመመው ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም የሚለው ነው።

የተወለዱት ጥቅምት 2 ቀን 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። አባታቸው በዚያን ጊዜ የዘውዱ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው የአምባሰሉ ጃንጥራር አስፋው ልጅ ወይዘሮ መነን ናቸው። አባታቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ልዕልቲቱ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለ ሕፃንነታቸው ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የቤተ መንግሥት ልጅነት ነው። አንድ ነገር ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበወርቅ ወደ ትግራይ ተድረው ሄደው፣ ገና በአፍላ ዕድሜያቸው በመቀሌ አርፈዋል። በአዲስ አበባ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው መጠጊያ በእርሳቸው ስም ተጠራ፤ ሰፈሩ ዛሬም ዘነበወርቅ ይባላል። ከአንድ ማዕድ አብረው የበሉ እኅት በወጣትነት መቀጨት፣ ከዚያም የእኅት ስም በሕሙማን ቤት ደጃፍ ላይ መጻፉ በአንዲት ታዳጊ ልጅ ልብ ምን እንደሚተው አንባቢ ራሱ ይገምት።

ከዚያ በኋላ ጦርነቱ መጣ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ሲቋቋም የጠላት ወረራ ሊጀምር የቀሩት ሦስት ወራት ብቻ ነበሩ። በመላው አገሪቱ የነበሩት ሆስፒታሎች ጥቂት፣ ሐኪሞቹም ከሞላ ጎደል የውጭ አገር ሰዎች፣ የሠለጠነች ኢትዮጵያዊት ነርስ ደግሞ የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት የተሰባሰቡት የአዲስ አበባ ሴቶች ፋሻ መጠቅለል፣ ልብስ መስፋትና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ማዘጋጀት ያዙ። ልዕልት ፀሐይ በዚህ ሥራ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ሆኑ፤ ዕድሜያቸው አሥራ ስድስት ነበር።

ከሰሜን የሚመጣው ወሬ ግን በፋሻ የሚሸፈን አልነበረም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ፤ የቀይ መስቀል ምልክት የተዘረጋበት ሆስፒታልም አልተረፈም። በታኅሣሥ ወርም ከጎጃም የዘመተው የራስ እምሩ ጦር በተከዜ አካባቢ የመርዝ ጋዝ ወረደበት። ከእነዚያ ዘማቾች መካከል ከአባይ ምንጭ ዙሪያ የመጡ የገበሬ ልጆች እንደነበሩ ማን ይጠራጠራል? ጫማ የሌለው እግራቸውና በነጠላ ብቻ የተሸፈነው ገላቸው ሲቃጠልና ሲላጥ፣ ቁስሉን እንዴት እንደሚያጥብ የሚያውቅ ሰው በአጠገባቸው አልነበረም። በደቡብም ታኅሣሥ 20 ቀን የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በመልካ ዲዳ በቦምብ ተመታ፤ ከስዊድናውያኑ አንዱ ጉናር ሉንድስትረም ሞተ፤ በድንኳኑ ተኝተው የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችም አለቁ። ሕሙማንን ለማገልገል ከሰሜን አውሮፓ የመጣ ሰው በኢትዮጵያ በረሃ ሲሞት፣ የኢትዮጵያ ልጆች ራሳቸው ሙያውን አለማወቃቸው ለሚያስብ ሰው ከባድ ጥያቄ ነው። የልዕልቲቱ ውሳኔ የተፀነሰው በእነዚህ ወራት ይመስለናል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተሰቡ ከአዲስ አበባ በባቡር ወጣ። በጅቡቲና በኢየሩሳሌም በኩል ለንደን ደረሱ፤ ኋላም በባዝ ከተማ ፌርፊልድ በተባለው ቤት የስደት ኑሮ ጀመሩ። ልዕልት ፀሐይ እንግሊዝኛ አሣምረው ይናገሩ ስለነበር ለአባታቸው በአስተርጓሚነት ያገለግሉ ነበር። ስደተኛ ልዕልት ምን ይጠበቅባታል? እንግዳ መቀበል፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ ስለ አገሯ መናገር። ይህንንም ሠርተዋል። ነገር ግን በዚያው እ.ኤ.አ. በ1936 በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚገኘው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ለመማር ገቡ።

ይህ ውሳኔ በዘመኑ ምን ያህል ያልተለመደ እንደነበረ የዛሬ አንባቢ በቀላሉ አይረዳውም። በአገራችን የመኳንንት ወገን ሕሙማንን መርዳት አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም፤ ምጽዋት ይሰጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ያሠራ፣ ነዳያንን ያበላ ነበር። የሌላውን ሰው ቁስል በገዛ እጅ ማጠብ፣ የሽንት ዕቃ ማንሣት፣ ትውከት መጥረግ ግን የአገልጋይ ሥራ ተብሎ የተተወ ነው። በጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህኑ ዝቅ ብሎ እግር ሲያጥብ ሁላችንም በአክብሮት እንመለከታለን፤ በማግስቱ ያንኑ ሥራ በቤታችን የምትሠራውን ልጅ ግን በአክብሮት አንመለከታትም። ልዕልቲቱ የመረጡት ይህንን የማግስቱን ሥራ ነው።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሆስፒታል ጀማሪ ነርስ መሆን ደግሞ ቀላል አልነበረም። ማለዳ መነሣት፣ አልጋ ማንጠፍ፣ ዕቃ መቀቀል፣ ሕፃናትን ማጠብና ማብላት፣ ቀኑ ሲመሽ ትምህርት መከታተል፣ በተራ ሌሊቱን ማደር፣ ከዚህም በላይ ለክፍሉ አለቃ ነርስ ፍጹም መታዘዝ ይጠይቃል። በቤተ መንግሥት ሲታዘዙላቸው ያደጉ ልጅ ታዛዥ ሆኑ። ሦስት ዓመታት ጸንተው እ.ኤ.አ. በ1939 የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስም ወደ አገራችን ከመምጣታቸው ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በናፖሊ ኮሌራ ሲገባ ከሕሙማኑ መካከል አልራቁም ነበር። በሁለቱ መካከል የመቶ ዓመት ልዩነት አለ፤ የእምነት ቤታቸውም ለየብቻ ነው። ሁለቱም ግን ለሕመምተኛው ከሩቅ በማዘን አልተወሰኑም፤ ወደ አልጋው ቀረቡ።

ልዕልት ፀሐይ በዚህ ላይ ቢያቆሙ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር። እርሳቸው ግን አጠቃላይ የነርስነት ሥልጠና ለመጨመር ጋይስ ወደተባለው የለንደን ሆስፒታል ገቡ። ምክንያቱን እንዲህ እንተረጉመዋለን፤ የኢትዮጵያ ነርስ ሕፃናትን ብቻ ልታክም አትችልም፤ ወታደሩም፣ ወላዷም፣ ሽማግሌውም ይጠብቋታል። ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሕክምና አገልግሎትን ለማስፋፋት ያስቡ እንደነበር ወዳጆቻቸው በኋላ ገልጸዋል፤ ይህ ሁለተኛው ሥልጠናም ሐሳቡ የአፍ ብቻ እንዳልነበረ ያሳያል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ትደበደብ ነበር። አዲስ አበባን በጠላት አውሮፕላን ፍርሃት የለቀቁት ልጅ በለንደንም ያንኑ ድምፅ ሰሙ፤ የዚህን ጊዜ ግን ቁስለኛ ሲመጣ እጃቸው ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቅ ነበር። በዚያው ወራት አባታቸው በሱዳን በኩል ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው፣ በበላያ ተራራ አልፈው በጎጃም መንገድ ይገሰግሱ ነበር። ቡሬ በየካቲት ወር ነፃ ወጣች። ግሽ አባይ ከቡሬ ብዙም ሩቅ አይደለም። እንዲህም አባት በአባይ ምንጭ አገር ከአርበኞች ጋር ሲጓዙ ልጅ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ የእንግሊዛውያንን ቁስል ያጥቡ ነበር ማለት ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ፤ በዚያው እ.ኤ.አ. በ1941 ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ ባለቤታቸው በወለጋ ገዢ ሆነው ስለተሾሙም አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ የቀረው ሆስፒታል ጥቂት፣ መድኃኒቱም እምብዛም ነበር። ለዓመታት የተዘጋጁለት ሥራ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር።

ጊዜው ግን አልተሰጣቸውም። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በክረምቱ ወራት፣ ከጋብቻቸው አራት ወር ሳይሞላ፣ ከእርግዝና በተያያዘ ሕመም በነቀምቴ አረፉ። ዕድሜያቸው ሃያ ሁለት ነበር። ስለዚህ ሞት ብዙ ቃል መደርደር አንወድም። የብዙ ኢትዮጵያውያት እናቶች ሞት ነው፤ በሰከላ ደጋም በጣና ዳርቻም ቤተሰቡ ሁሉ የሚያውቀው ሞት ነው። በሁለት ታላላቅ ሆስፒታሎች ለሌሎች የተማሩት ሴት፣ ሙያው እጅግ የሚያስፈልጋት አገር ልጅ ሆነው ሞቱ።

ወሬው እንግሊዝ አገር ሲደርስ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክኸርስት መታሰቢያ የሚሆን ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ ታዋቂው ሐኪም ሎርድ ሆርደር የኮሚቴው ሊቀ መንበር ሆኑ። ሐውልት ማቆም በቀለለ ነበር፤ እነርሱ ግን ዓመታት የሚፈጀውን መረጡ፤ መልካም አደረጉ እንላለን። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ወይዘሮ ሲልቪያ ኋላ ራሳቸው ኢትዮጵያ መጥተው ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 አርፈው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ ተቀበሩ።

ከአብዮቱ በኋላ ሆስፒታሉ ስሙ ተለውጦ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ። በዚያ ግቢ የሚታከሙ ወጣት ወታደሮች የቀድሞ ስሙን ላያውቁት ይችላሉ፤ እኛም በዚህ አንማረርም፤ ቁስለኛ የሚታጠብበት ቤት ሆኖ እስከቆየ ድረስ።

ልዕልት ፀሐይ በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም በምድር ቤቱ ውስጥ አርፈዋል። በዚያው ጣሪያ ሥር ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ እቴጌ ጣይቱና ንግሥት ዘውዲቱ ተቀብረዋል። ከእነዚህ መካከል በዐፄ ምኒልክና በንግሥት ዘውዲቱ ስም የሚጠሩ ሆስፒታሎች በከተማይቱ አሉ፤ በልዕልቲቱም ስም የተጠራ ነበረ። ከሦስቱ የሕሙማን አልጋ በገዛ እጃቸው ያነጠፉት፣ ሌሊቱን ተራ ገብተው ያደሩት፣ በዚያ ሥራ ተፈትነው ያለፉት እርሳቸው ብቻ ናቸው።