ከኪታብ ይልቅ ዓይናቸውን ያመኑት ዓሊም

የሙስሊም ሐኪሞች ነገር በተነሳ ቁጥር ኢብን ሲናን ጠርተን፣ ኢብን ነፊስን አክለን እናበቃለን። እኔ ግን ዛሬ ላነሳላችሁ የምፈልገው በአል-አዝሐር ያስተማሩትንና የሰውን አጥንት በእጃቸው እያገላበጡ የመረመሩትን አብዱለጢፍ አል-ባግዳዲን ነው።

በ557 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. በ1162) ባግዳድ ተወለዱ። የዚያ ዘመን ደረሳ ዓሊም ፍለጋ አገር ላገር ይዞር ነበርና እርሳቸውም ሞሱልን፣ ደማስቆንና ቁድስን አዳረሱ። በወጣትነታቸው ተራ ብረትን ወርቅ አደርጋለሁ በሚለው የኪምያ ጥበብ ተስበው ነበር፤ ኋላ ከንቱነቱን አይተው ጣሉት። ሱልጣን ሰላሁዲን በወር 30 ዲናር ቆረጡላቸው፤ ልጆቻቸው ደግሞ ወደ 100 አሳደጉት። ካይሮ ሲቀመጡ ጠዋትና ማታ በአል-አዝሐር ያስተምራሉ፤ እኩለ ቀን ላይ የሕክምና ደረሶች ይመጡላቸዋል፤ ሌሊቱ የራሳቸው የጥናት ጊዜ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1200 አባይ ሳይሞላ ቀረ። ሙላቱ የሚመጣው ከእኛ ደጋ ክረምት መሆኑ የታወቀ ነው። ግብጾች ውኃውን በክንድ ይለኩ ነበር፤ 16 ክንድ ሲደርስ ይደሰታሉ። በዚያ ዓመት 13 እንኳ አልሞላም። ቀጥሎ የመጣው የሁለት ዓመት ረሃብ ሰው ውሻና ጥንብ፣ ከዚያም የሰው ሥጋ እስኪበላ ያደረሰ ነበር። አብዱለጢፍ ያዩትን ሁሉ ስለ ግብፅ በጻፉት ኪታብ አስፍረውታል። ያንን ክፍል ማንበብ ይከብዳል።

በዚያው ሰሞን ደረሶቻቸው የጃሊኑስን፣ ማለትም የግሪኩን ሐኪም የጋሌንን የአካል አሠራር ትምህርት በቃል ብቻ መረዳት አቅቷቸው ነበር። አል-መቅስ በሚባል ሥፍራ ባለ ኮረብታ ላይ ያልተቀበረ አጽም መከመሩ ተነገራቸውና ከደረሶቻቸው ጋር ወጡ። የሙት ክብር የት ሄደ የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አብዱለጢፍ መቃብር አልቆፈሩም፣ ሬሳም አልቀደዱም፤ ቀባሪ ያጣውን አጥንት ነው ያዩት። እኔ እንደማስበው ከእነዚያ ምስኪኖች መማራቸው ረግጦ ከማለፍ የተሻለ ነበር።

ጋሌን የታችኛው መንጋጋ አገጭ ላይ የተጋጠሙ ሁለት አጥንቶች ናቸው ብሎ ነበር። ለአንድ ሺህ ዓመት ያህል ሐኪሙ ሁሉ ይህንኑ ሲደግም ኖረ። አብዱለጢፍ ከሁለት ሺህ በላይ የራስ ቅል አዩ፤ አንድም መጋጠሚያ አላገኙም። በዚህም አልረኩም። ሌሎች ሰዎች እርሳቸው ባሉበትም በሌሉበትም እንዲያዩ አደረጉ፤ ሁሉም አንድ አጥንት ነው አሉ። ጋሌን በአብዛኛው የቀደደው ዝንጀሮና ሌላ እንስሳ ነበር። ዛሬ እንደሚታወቀው የሰው መንጋጋ በልደት ጊዜ ሁለት ሆኖ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይገጥማል።

አንዳንድ ጸሐፊዎች ጋሌንን የናቁ አስመስለው ያቀርቧቸዋል፤ እኔ አልስማማም። ከወገብ በታች ያለውን የጀርባ አጥንት ጫፍ ጋሌን ስድስት ነው ብሎ ነበር። አብዱለጢፍ መጀመሪያ ባዩት አጽም ላይ አንድ ሆኖ አገኙት፤ ሌሎቹን ሲያዩ ግን አብዛኛው ጋሌን እንዳለው ሆነ። ይህንንም ሳይደብቁ ጻፉት። ጋሌንን እጅግ ጠንቃቃ ሊቅ ብለው ያከብሩታል፤ ዓይን ከእርሱ ቃል ይበልጥ እውነተኛ ነው ማለታቸው ብቻ ነው።

አውሮፓ ውስጥ ቬሳሊየስ የመንጋጋውን ነገር በ1543 በታተመው መጽሐፉ ሲያርም የአብዱለጢፍን ሥራ አላየም ነበር። የእርሳቸው የእጅ ጽሑፍ ወደ ኦክስፎርድ የገባው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የፈረንሳይኛ ትርጉሙም በ1810 ወጣ።

በ629 ሂጅሪያ (እ.ኤ.አ. በ1231) ለሐጅ ተነስተው በባግዳድ በኩል አለፉ፤ ለኸሊፋው ሊያቀርቧቸው ያሰቧቸው ኪታቦችም ነበሯቸው። ከ40 ዓመት በላይ በተለዩዋት በዚያች ከተማ ታመው አረፉ። አላህ ይዘንላቸው።