አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ የጨዋታ ሕግ መምህር

ጨዋታ ያለ ሕግ ግርግር ነው፤ ሕጉም ለአንዱ ወገን ብቻ ሲሠራ ጨዋታነቱ ቀርቶ ግፍ ይሆናል። ይህን ቁም ነገር በለጋ ዕድሜያቸው በራሳቸው ላይ ደርሶ ካዩት በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲያስተምሩት ከኖሩት ሰዎች አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው። ስማቸው ዘወትር ከኳስና ከዋንጫ ጋር አብሮ ይነሣል፤ ለመምህራን ግን ከዋንጫው ይልቅ የሚጠቅመው ተጫዋቹ እንዴት መምህር ለመሆን እንደ በቃ መመርመር ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ወደ ጀርመን አገር ተልከው የአውቶሞቢል ሥራ የተማሩ፣ በዚያው ቆይታቸውም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ፣ በግጥምና በዜማ እጅግ የታወቁ ሰው ነበሩ። ልጅየው የአባታቸውን ሙያ አልወረሱም፤ ነገር ግን ከባዕድ አገር የመጣ ጥበብ በኢትዮጵያዊ እጅና በኢትዮጵያዊ አንደበት ሊሠራበት እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌ ከቤታቸው አላጡም። ትምህርታቸውንም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከታተሉ።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ቡድን በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ወዲያውም የኢጣልያ ጦር ከተማይቱን ያዘ። ወራሪው መንግሥት ሰውን በዘር ሲለይ የኳስ ሜዳውን እንኳ አልተወውም፤ ኢትዮጵያውያን ከነጮች ጋር እንዳይጫወቱ ከለከለ፤ የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ለውጦ ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሰኘው። አቶ ይድነቃቸው ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ሁኔታ ነው። ኳሱ አንድ፣ ሜዳው አንድ፣ የአጨዋወቱም ደንብ አንድ ሆኖ ሳለ ተጫዋቹ በቆዳው ቀለም ሲለይ አዩ። በኋላ ዘመን በታላላቅ ጉባኤዎች ፊት ያሳዩት የማይበገር አቋም ከዚህ ልምድ ተለይቶ ሊታይ አይገባውም።

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ የስፖርት ሥራ እንደ አዲስ ተጀመረ። በ1936 ዓ.ም. በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና የኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደሮች ቡድን ተጋጠሙ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አብሮ መጫወት ወንጀል በሆነበት ከተማ አምስት ማኅበረሰቦች በአንድ ሕግ ሥር መሰለፋቸው ቀላል ነገር አልነበረም። አቶ ይድነቃቸው በሜዳ ላይ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከ20 ዓመት በላይ ሲሰለፉ፣ ከሜዳ ውጭ ደግሞ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ይደክሙ ነበር። የእግር ኳስን ሕግ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ፌዴሬሽኑም በደንብ እንዲመራ ጣሩ። ተማሪ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ ሕግ ለተማሪው ትእዛዝ እንጂ ዕውቀት አይሆንም፤ በገዛ ቋንቋው ሲያነበው ግን ዳኛውን ለመጠየቅም ለመታዘዝም ይችላል። ለመምህር ከዚህ የቀረበ ሥራ የለም።

ከዚህ ቀጥሎ ሥራቸው ከአገር ወሰን አለፈ፤ ወደ ሱዳንም ተዘረጋ። በራሃድ የመስኖ እርሻ በታወቀችው በፋውና በገዳሪፍ አካባቢ ለሚያስተምሩ ሰዎች ካርቱም የሩቅ ስም አይደለችም፤ ከገዳሪፍ ወደ እርስዋ የሚወስደው አውራ ጎዳና በፋው በኩል ያልፋልና። የአፍሪካ የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በዚያች ከተማ፣ የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ነው። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ፤ ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙትም አንዱ አቶ ይድነቃቸው ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተደረገ፤ በመጨረሻውም ግጥሚያ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። ኢትዮጵያ በዚያ ቀን ዋንጫውን አጣች፤ ኮንፌዴሬሽኑ ግን ገና ሲወለድ ተጫዋችን በዘር የሚለይ አገር በመካከሉ እንደማይቀመጥ አስታወቀ። በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በአዲስ አበባ ሜዳ የተጣሰው ሕግ በካርቱም ተጠገነ ማለት ይቻላል።

ከአምስት ዓመት በኋላ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያና ግብፅ እንደገና ለዋንጫ ተገናኙ። የኢትዮጵያን ቡድን የመሩት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀደሙ፤ ግርማ ተክሌና ሉቻኖ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ትናንት በዘር የተከፋፈለው ሜዳ በዚያ ቀን የተለያየ ትውልድ ያላቸውን ልጆች በአንድ ማልያ አሰለፈ።

ሕግን መውደድ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜም መጣ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ አፍሪካ፣ እስያና ኦሺያኒያ በአንድነት አንድ ቦታ ብቻ ተሰጣቸው። የአፍሪካ አገሮች የጋናው ኦሄኔ ጃንና አቶ ይድነቃቸው ግንባር ቀደም ሆነው በተከራከሩበት በዚህ ጉዳይ ከውድድሩ ወጡ። መጫወት ለሚናፍቅ ተጫዋች ከሜዳ መቅረት መራራ ነው፤ የአንድ ትውልድ ተጫዋቾችም ዕድላቸውን አጡ። ነገር ግን በ1970 ለአፍሪካ የራሷ ቦታ ተለይቶ ሞሮኮ ወደ ሜክሲኮ ሄደች፤ በ1982 ደግሞ ቦታው ሁለት ሆኖ አልጄሪያና ካሜሩን ስፔን ላይ ተሰለፉ። አልጄሪያም ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 በማሸነፏ አፍሪካ ቦታው የሚገባት መሆኑ ታየ።

አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመርጠው እስከ ዕለተ ሞታቸው 15 ዓመት መሩት፤ የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴም አባል ነበሩ። የአፓርታይድ መንግሥት ደጋፊዎች ስፖርትና ፖለቲካ አይገናኙም ሲሉ፣ እርሳቸው ሰውን ከሜዳ የሚያባርር ዘረኝነት ራሱ የስፖርት ጠላት መሆኑን ያስረዱ ነበር። ደቡብ አፍሪካም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ተባረረች። ወጣቶችን በሚስብ ጨዋታ ላይ የትምባሆና የአልኮል ማስታወቂያ እንዲለጠፍም አልፈቀዱም፤ ገንዘብ የሚያስፈልገው ድርጅት እየመሩ ገንዘብን እንቢ ማለት ከንግግር የበለጠ ትምህርት ነው።

የሕይወታቸው ታሪክ ግን ድል ብቻ አይደለም። የአፍሪካ እግር ኳስ በእርሳቸው አመራር ሲያድግ የገዛ አገራቸው እግር ኳስ ወደ ኋላ ቀረ፤ ኢትዮጵያ ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ያንን ዋንጫ መልሳ አላገኘችም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያንን ወደ ገዳሪፍና ወደ ፋው መጠለያዎች ሲያሰድድ፣ የአገሪቱ ልጆች ሜዳ ቀርቶ እህልም ያጡበት ጊዜ ነበር። አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢደክም ለአህጉሩ የሠራውን ሁሉ በቤቱ ሊፈጽመው አይችልም። የጀመረውን የሚፈጽሙ ተከታዮች ያስፈልጉታል፤ ተከታዮችን የሚያፈራውም ትምህርት ቤት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. ዐረፉ። ትተውት የሄዱት ሀብት አንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ሕግ በሚገባ ቋንቋ ተጽፎ፣ ለሁሉም በእኩል ተሠርቶበት፣ በሚጎዳ ጊዜም ሳይቀር መከበር አለበት የሚል ነው። በከተማም ሆነ በስደተኞች መጠለያ በአቧራማ ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዞ የሚቆም መምህር፣ የብርቱውንና የደካማውን፣ የአገሬውንና የመጻተኛውን ልጅ ጥፋት በአንድ ሚዛን ሲመዝን፣ ይህን ሥራ እየቀጠለው ነው።