እንጨት ፈላጩ አብርሃም ሊንከን

የአብርሃም ሊንከን ስም ሲነሳ በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው አሥራ ስድስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መሆኑና ባሮች ነፃ እንዲወጡ ዐዋጅ ማወጁ ነው። ይሁንና ሊንከን ሕግ ከማንበቡና ምክር ቤት ከመግባቱ አስቀድሞ ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ደን ሲመነጥር፣ ግንድ ሲቆርጥና የአጥር እንጨት ሲፈልጥ የኖረ የገበሬ ልጅ ነበር። ስለ ሥራና ስለ ሠራተኛ የነበረው ጽኑ አቋም ከየት እንደ መነጨ ለመረዳት ይህንን የመጥረቢያ ዘመኑን መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጫካ መሬት ማውጣት

ሊንከን የተወለደው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ኬንታኪ በተባለው ግዛት፣ ከግንድ በተሠራች ባለ አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ነው። አባቱ ቶማስ ሊንከን አራሽና አናጢ ነበር፤ እናቱ ናንሲ ሀንክስ ትባላለች። በዚያን ጊዜ በኬንታኪ የመሬት ወሰን በውል ተለክቶ ያልተመዘገበ በመሆኑ ቶማስ በገንዘቡ የገዛው መሬት በክርክር ከእጁ እየወጣ ተቸገረ። ግዛቱ የባርነት ሥርዓት የሰፈነበት መሆኑም አላስደሰተውም። ስለዚህ በ1816 መጨረሻ ላይ ቤተሰቡን ይዞ የኦሃዮን ወንዝ ተሻገረና ኢንዲያና ገባ።

የደረሱበት ሥፍራ ሰማይ የማያሳይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። ወቅቱ በረዶ የሚወርድበት በመሆኑ ቤት እስኪሠራ ድረስ ሦስት ወገኑ በግንድና በቅርንጫፍ ተከልሎ አራተኛው ወገን ክፍት በሆነ ዳስ ውስጥ እሳት እያነደዱ ቆዩ። ልጁ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መጥረቢያ ጨበጠ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ሃያ ሦስት ዓመቱ ድረስ ከእርሻና ከአጨዳ ወራት በቀር መጥረቢያ ከእጁ እምብዛም እንዳልተለየ ራሱ ሊንከን በ1860 በጻፈው አጭር የሕይወት ታሪክ ገልጿል።

የመጀመሪያው ሥራ ምንጠራ ነበር። ያን ሁሉ ግዙፍ ዛፍ ቆርጦ ለመጣል የአንድ ቤተሰብ ጉልበት አይበቃም። ስለዚህ ሰፋሪዎቹ ቁጥቋጦውንና ትንንሹን ዛፍ ከቆረጡ በኋላ የትልልቆቹን ቅርፊት ዙሪያውን በመጥረቢያ ይልጡታል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ሥሩ ምግብ ስለማያገኝ በቁሙ ይደርቃል። ቅጠሉ ሲረግፍ ፀሐይ መሬቱን ታገኘዋለች፤ ያን ጊዜ በደረቁት ግንዶች መካከል በቆሎ ይዘራል። ዘዴው ጉልበት የሚቆጥብ ቢሆንም አደጋ ነበረው፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር የደረቀ ቅርንጫፍ በአራሹና በከብቱ ላይ ይወድቃል።

ተቆርጦ የተጋደመውን ግንድ ለማንሳት ደግሞ ጎረቤት ይጠራል። በኢትዮጵያ ደቦ እንደሚባለው ሁሉ፣ የአካባቢው ወንዶች ተሰብስበው ግንዱን በጠንካራ አጣና እየፈነቀሉና እያንከባለሉ ይከምሩታል፤ ክምሩም በእሳት ይቃጠላል። ባለ ሥራው ምግብና መጠጥ ያቀርባል፤ በተራውም የሌላውን ለማገዝ ይሄዳል። ለቤትና ለዕቃ ይሆን የነበረ ምርጥ እንጨት በዚህ ሁኔታ አመድ ሆኖ ቀርቷል። ለዚያ ዘመን ሰፋሪ ዛፍ የእርሻ ባላጋራ እንጂ ተጠብቆ የሚቆይ ሀብት አልነበረም። የምሥራቅ አሜሪካ ሰፊ ደን በእነዚህ መጥረቢያዎች እየተመነጠረ ወደ እርሻ የተለወጠውም በጥቂት ትውልድ ዕድሜ ነው።

ደኑም በበኩሉ ብድሩን ይመልስ ነበር። ከብቶች በጫካ ውስጥ ሲግጡ ነጭ አበባ ያለው አንድ መርዘኛ ተክል ይበሉና መርዙ በወተታቸው ወደ ሰው ይተላለፋል። ሰፋሪዎቹ የወተት በሽታ ይሉት የነበረው ይህ ሕመም በኦክቶበር 1818 የልጁን እናት ገደላት። የበሽታው መንስኤ በሳይንስ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። አባትየው ሳንቃ አገጣጥሞ የሬሳ ሣጥኑን ሲሠራ፣ ሳንቃው የተያያዘበትን የእንጨት ሚስማር እየጠረበ ያቀረበለት የዘጠኝ ዓመቱ አብርሃም እንደነበረ ይነገራል።

መጥረቢያ፣ ሽብልቅና መዶሻ

በዚያ አገር የአንድ ገበሬ ዋና መሣሪያ መጥረቢያ ነበር። የአሜሪካ ሰፋሪዎች የሚጠቀሙበት መጥረቢያ በስለቱ ተቃራኒ ያለው ጀርባው ወፍራምና ከባድ ሆኖ የተሠራ ስለነበረ በሚወረወርበት ጊዜ ሚዛኑን ይጠብቃል። ዛቢያው ሂከሪ ከሚባል ጠንካራና የማይሰነጠቅ እንጨት ይጠረባል። ስለቱ በእጅ በሚዞር ክብ ድንጋይ ላይ ውሃ እየፈሰሰበት ይሳላል። ዶልዱሞ የቀረ መጥረቢያ ጉልበት ከመጨረሱም በላይ ተንሸራቶ እግር ይቆርጥ ስለነበረ መሳሉ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር።

ሊንከንን ስመ ጥር ያደረገው የአጥር እንጨት ፍለጣ ግን ከመቁረጥ የተለየ ብልሃት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ ያደገና ጉጥ የሌለው ዛፍ ይመረጣል። ግንዱ ሦስት ሜትር ያህል ርዝመት ኖሮት ከተቆረጠ በኋላ ጫፉ ላይ የብረት ሽብልቅ ይተከልና በከባድ የእንጨት መዶሻ ይመታል። መዶሻው የሚሠራው እርስ በርሱ ከተቆላለፈ ጉጣም እንጨት ስለሆነ ቶሎ አይሰነጠቅም። ስንጥቁ መከፈት ሲጀምር ወደ ፊት ሌላ ሽብልቅ ይጨመራል፤ የብረቱ ቁጥር ጥቂት ስለሆነ በተከፈተው ላይ ከጠንካራ እንጨት የተሠራ ሽብልቅ እየተተካ ብረቱ እየተነቀለ ወደ ፊት ይሄዳል። ግንዱ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት እየተከፈለ እንደ ውፍረቱ ብዙ ፍልጥ ይወጣዋል። የእንጨቱን አፈጣጠር ማየት የማይችል ሰው ቀኑን ሙሉ ቢመታ ፍልጡ እየተጣመመ ይበላሽበታል።

ፍልጡ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ፣ እንደ እባብ አካሄድ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘ ይታጠራል። ይህ አጥር ሚስማርም ሆነ የችካል ጉድጓድ አያስፈልገውም፤ ሲያስፈልግ ፈርሶ ወደ ሌላ ማሳ ይወሰዳል። ጉድለቱ ብዙ እንጨትና ብዙ መሬት መብላቱ ነው። ከብትና አሳማ በየጫካው ተለቆ ይግጥ ስለነበረ በደንብ ያልታጠረ በቆሎ ለባለቤቱ አይተርፍም። አጥር ማለት የዓመቱ እህል ማለት ነበር።

ሊንከን በቁመቱ አንድ ሜትር ከዘጠና የሚበልጥ፣ ክንደ ረጅምና ጠንካራ ጎረምሳ ሆኖ ስላደገ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል ነበር። ነገር ግን ሥራውን አይወደውም። የትምህርት ቤት ዕድሜው ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም፤ መጽሐፍ ካገኘ ግን ወደ ማሳ ይዞ ይሄድና በዕረፍት ሰዓቱ ያነብ ነበር። ይህንን ያዩ አንዳንድ ጎረቤቶች ሰነፍ ነው ይሉት ነበር። በ1819 አባቱ ያገባት ሣራ ቡሽ የተባለችው እንጀራ እናቱ ግን ንባቡን ደግፋለታለች።

ደሞዙ የአባት፣ ድካሙ የልጅ

ቶማስ ሊንከን ገንዘብ በሚያስፈልገው ጊዜ ልጁን ለጎረቤት ያከራየው ነበር። አብርሃም ለሌላው ሰው ዛፍ ይቆርጣል፣ አጥር ያጥራል፣ ያርሳል፤ የቀን ደሞዙን የሚረከበው ግን አባቱ ነው። በጊዜው በነበረው ሕግ መሠረት ልጅ ሃያ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሠራው ገንዘብ የአባቱ ነበር። በ1828 በጠፍጣፋ ጀልባ እህልና ሥጋ ጭኖ በሚሲሲፒ ወንዝ እስከ ኒው ኦርሊንስ ሲወርድ በወር ስምንት ዶላር ተከፍሎት ነበር፤ ሲመለስ ይህንኑ ለአባቱ አስረከበ። ኒው ኦርሊንስ ከአሜሪካ ታላላቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ የነበረበት ከተማ ነው። በዚያ ወጣቱ እንጨት ፈላጭ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ምንም የማይከፈላቸው ሰዎች ሲሸጡና ሲለወጡ አየ።

በማርች 1830 ቤተሰቡ ወደ ኢሊኖይ ተዛወረ። አብርሃም ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶት ነበር። ቢሆንም ወዲያው ጥሎ አልሄደም፤ በሳንጋሞን ወንዝ ዳር የግንድ ቤት ሠራ፤ አሥር ኤከር፣ ማለትም አራት ሄክታር ያህል መሬት የሚያጥር እንጨት ፈለጠ፤ የመጀመሪያውንም በቆሎ አብሮ ዘራ። በዚያው ዓመት ለሌሎች ገበሬዎችም ይፈልጥ ነበር። ሱሪ የሚሆነውን ጨርቅ ለማግኘት ለአንድ ያርድ አራት መቶ ፍልጥ ለመክፈል ተዋውሎ እንደነበረ ይተረካል። የልፋቱን ዋጋ ራሱ ማግኘት የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ከአባቱ ጋር የነበረው ግንኙነት ግን እንደ ሻከረ ቀረ፤ ቶማስ በ1851 ታሞ ሲሞት ልጁ አልጋው አጠገብ አልተገኘም።

በ1831 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ዛፍ ቆርጦና ሳንቃ ሰንጥቆ የሠራው ጀልባ ኒው ሳሌም በተባለች መንደር የወፍጮ ግድብ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሊንከን ጭነቱ እንዲቀልል ካደረገ በኋላ በጀልባው አፍንጫ በኩል ቀዳዳ ሰርስሮ ውሃውን አፈሰሰና አሻገረው። ከዓመታት በኋላ ጀልባ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ የሚያነሳ መሣሪያ ነድፎ በ1849 የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ይህን ያደረገ እርሱ ብቻ ነው። በኒው ሳሌም በሱቅ ሠራተኛነት፣ በፖስታ ቤት ኃላፊነትና በመሬት ቀያሽነት እየሠራ ሕግ በራሱ ጥረት አጥንቶ በ1836 የጠበቃነት ፈቃድ አገኘ።

ከፍልጥ እስከ ፕሬዚዳንትነት

ሊንከን ሴፕቴምበር 30 ቀን 1859 በሚልዋኪ ከተማ በተደረገ የእርሻ ትርዒት ላይ ለገበሬዎች ንግግር አድርጎ ነበር። ሰፊ መሬት በደንቡ ሳይያዝ ከሚታረስ ይልቅ ትንሹን አጥልቆና ተንከባክቦ ማረስ እንደሚሻል፣ እጅና አእምሮ በአንድ ሰው ላይ መተባበር እንዳለባቸው፣ ሀብት ከሥራ የሚገኝ በመሆኑ ሥራ ከሀብት እንደሚቀድም አስረዳ። ሠራተኛ መማር የለበትም የሚለውን አስተሳሰብም ነቀፈ።

በሜይ 1860 ፓርቲው በዲኬተር ባደረገው ስብሰባ ላይ የእናቱ ዘመድ ጆን ሀንክስ ሁለት አሮጌ የአጥር እንጨቶች ተሸክሞ ገባ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ከሊንከን ጋር የፈለጣቸው መሆናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ ተንጠልጥሎባቸው ነበር። ሊንከን ስለነዚሁ እንጨቶች ሲጠየቅ የእርሱ መሆናቸውን በእርግጥ ሊናገር እንደማይችል፣ ነገር ግን ከእነርሱ የተሻሉ ብዙ መፍለጡን ተናገረ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እንጨት ፈላጩ የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ለምርጫ የታሰበ ቢሆንም ሥራው እውነተኛ ነበር። በኖቬምበር ወር ተመረጠ።

በጦርነቱ መካከል፣ በ1862፣ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ገበሬውን የሚመለከቱ ሦስት ሕጎች ፈረመ። አንደኛው የእርሻ መሥሪያ ቤትን አቋቋመ። ሁለተኛው በመሬቱ ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ላለማ ሰው 160 ኤከር የመንግሥት መሬት እንዲሰጥ ፈቀደ፤ ይህ ለብዙ ድኃ ቤተሰብ መሬት ቢያስገኝም መሬቱ አስቀድሞ የነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ሦስተኛው በየግዛቱ እርሻና መካኒክነት የሚያስተምሩ ኮሌጆች እንዲከፈቱ የመንግሥት መሬት መደበ።

ይህ ሦስተኛው ሕግ ኢትዮጵያ ድረስ የደረሰ ፍሬ አለው። በሕጉ መሠረት ከተቋቋሙት አንዱ የሆነው የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ ዓመታት በተደረገ ስምምነት የጅማን የእርሻ ትምህርት ቤትና የዓለማያን የእርሻ ኮሌጅ በማቋቋም ረገድ አስተማሪዎች ልኮ ሠርቷል። የዓለማያው ኮሌጅ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ሊንከን ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 በዐመፁት ግዛቶች የሚገኙ ባሮች ነፃ መሆናቸውን አወጀ። አንድ ሰው በሌላው ላብ እንዳይበላ የሚለው ክርክሩ በልጅነቱ ለሰው ፈልጦ ዋጋውን ሲቀማ ካደገበት ሕይወት ጋር ይስማማል።

ኤፕሪል 8 ቀን 1865፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል፣ ሲቲ ፖይንት በተባለ ሥፍራ በጦር ሜዳ ሆስፒታል የተኙ ቁስለኞችን ጎበኘ። በሺህ የሚቆጠሩትን እጅ ሲጨብጥ ውሎ ክንዱ የደከመው መስሏቸው ላዘኑለት ሰዎች፣ በአጠገቡ የነበረውን መጥረቢያ አንስቶ እንጨት ፈለጠ። ከዚያም የዛቢያውን ጫፍ ይዞ መጥረቢያውን ክንዱን ዘርግቶ ቀጥ አድርጎ አቆየው፤ ከወታደሮቹ ሞክረው ያልቻሉ ነበሩ። ከስድስት ቀን በኋላ በዋሽንግተን በቲያትር ቤት ተቀምጦ ሳለ በጥይት ተመታ፤ በማግሥቱም በተወለደ በ56 ዓመቱ አረፈ። ባርነትን በመላ አገሪቱ የከለከለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው እርሱ ከሞተ በኋላ በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ነው።